«ግመል በመርፌ ቀዳዳ»፦ በሩና ገመዱ ከየት መጡ? ጥቅሱስ እንዴት ይጠናል?

ጥያቄው፦ «ጅማ ውስጥ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ነን፤ ዓርብ ማታ ማታ አሥራ አምስት ሆነን የማቴዎስን ወንጌል እናጠናለን። ምዕራፍ 19 ላይ ደርሰን ጌታ ባለጠጋ ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ከሚገባ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ቢያልፍ ይቀላል ያለውን ስናነብ ተከራከርን። አንዱ ወንድማችን በስልኩ ያየውን ስብከት ጠቅሶ የመርፌ ቀዳዳ ማለት በኢየሩሳሌም የነበረ ጠባብ በር ነው፣ ግመሉ ጭነቱን አራግፎ ተንበርክኮ ያልፍበት ነበር አለን። አንዲት እኅታችን ደግሞ ግመል ሳይሆን ገመድ ነው፣ የፊደል ስሕተት ነው አለች። ሌላው ሁሉም አንድም ስለሆነ ሁሉም ልክ ነው ብሎ ሊያስታርቀን ሞከረ። ቡና የሚነግድ ወንድም አለን፤ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ በመጨረሻ ‹እኔ ታዲያ አልድንም ማለት ነው?› ብሎ ጠየቀ። ጥናቱን የምመራው እኔ ነኝ፤ ምን ልበለው? እንዲህ ያለ ጥቅስስ እንዴት ይጠናል?»

መልስ፦

እኅቴ፣ ግመሉ ግመል ነው፤ መርፌውም ልብስ የሚሰፋበት መርፌ ነው። በሩ መሠረት የለውም። ገመዱ ጥንታዊ ሐሳብ ቢሆንም ዋናው ንባብ አይደለም። «ሁሉም ልክ ነው» የሚለውም የአንድምታን፣ ማለትም «አንድም» እያለ የሚሄደውን የቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ስልት፣ ሥርዓት አይገልጽም። እያንዳንዱን ለምን እንዲህ እንዳልሁ ላስረዳሽ፤ ለወንድማችሁ ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ትቼለታለሁ፤ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነውና።

ከበሩ ልጀምር። ሲነገር ደስ ይላል፦ ዋናው የከተማ በር ሲመሽ ይዘጋል፣ በጎኑ አንዲት ትንሽ በር ትቀራለች፣ የመሸበት ነጋዴ ግመሉን አራግፎ አንበርክኮ ያስገባል። ሰባኪውም «አንተም ጭነትህን አራግፍ፣ ተንበርከክ» ብሎ ያሳርጋል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ከዚህ ቃል አልወጣም። በጌታችን ዘመን ኢየሩሳሌም ውስጥ «የመርፌ ቀዳዳ» የሚባል በር እንደነበረ የሚመሰክር የዚያ ዘመን ጽሑፍም ሆነ የቁፋሮ ግኝት የለም። ትርጓሜው በጽሑፍ ብቅ የሚለው ወንጌሉ ከተጻፈ ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በመካከለኛው ዘመን ነው። ዛሬ ተሳላሚዎች የሚያዩት የአሮጌዋ ከተማ ቅጥር በአብዛኛው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኦቶማን ቱርኮች የተሠራ ነው፤ ጌታችን የተመላለሰባት ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ70 ፈርሳለች። ግመልም ቢሆን ለመጫንና ለማራገፍ ይንበረከካል እንጂ በጉልበቱ እየዳኸ አይሄድም።

ጠንካራው ማስረጃ ግን ወንጌላቱ ውስጥ ያለ ነው። ቃሉን ማቴዎስ (19፥24)፣ ማርቆስ (10፥25) እና ሉቃስ (18፥25) ጽፈውታል። በአማርኛ ሦስቱም «የመርፌ ቀዳዳ» ስለሚባሉ ልዩነቱ አይታይም፤ በግሪኩ ግን ሦስቱ ቀዳዳውን የጠሩበት ቃል የተለያየ ነው። ማቴዎስ «ትሩፔማ»፣ ማርቆስ «ትሩማሊያ»፣ ሉቃስ «ትሬማ» ይላሉ። መርፌውንም ማቴዎስና ማርቆስ «ራፊስ» ሲሉት ሉቃስ «ቤሎኔ» ይለዋል። የታወቀ ቦታ መጠሪያ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይለዋወጥም ነበር። የጅማውን ሰፈር ፈረንጅ አራዳን ሦስት የጅማ ሰዎች ቢጽፉት አንዱ ፈረንጅ አራዳ፣ ሌላው «የነጮች ሰፈር»፣ ሦስተኛው «የባዕዳን መንደር» አይሉትም፤ ስም ነውና ሦስቱም እንደ ስሙ ይጽፉታል። ወንጌላውያኑ ግን ተራ ዕቃ እየገለጹ ስለነበር እያንዳንዱ በመጣለት ቃል ጻፈ።

አሁን ደግሞ ትርጓሜውን በሚቀጥለው ቁጥር ፈትኑት። ይህን ፈተና ለማንኛውም ጥቅስ ያዙት፤ ግሪክም ግእዝም ሳያውቁ ሊሠሩት የሚቻል ነው። ቁጥር 25 ላይ ደቀ መዛሙርቱ «እንኪያስ ማን ሊድን ይችላል?» ብለው እጅግ ተገረሙ። ነገሩ ግመልን አራግፎ በጠባብ በር ማሳለፍ ቢሆን ኖሮ ምን ያስገርማቸዋል? ነጋዴ ሁሉ ማታ ማታ የሚሠራው ሥራ ነዋ! ቁጥር 26 ላይም ጌታ «ይህ በሰው ዘንድ አይቻልም፥ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ሁሉ ይቻላል» አለ። «ያስቸግራል» አላለም፤ «አይቻልም» አለ። የበሩ ትርጓሜ የማይቻለውን ወደ አድካሚ ይለውጠዋል፤ ያን ጊዜ ቁጥር 26 ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ሥራ የሚያስፈታ ትርጓሜ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

ገመዱ ከዚህ ይለያል፤ ያመጣችውን እኅታችሁን አክብራችሁ መልሱላት፤ ከአየር የመጣ ሐሳብ አይደለምና። በግሪክ ግመል «ካሜሎስ» ነው፤ «ካሚሎስ» የሚል ቃል ደግሞ ወፍራም የመርከብ ገመድ ማለት ነው። ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት፤ በኋለኛው ዘመን የግሪክ አነጋገር ሁለቱ አናባቢዎች አንድ ዓይነት ድምፅ ስላወጡ በጆሮ አይለዩም። ጥቂት ዘግየት ያሉ የእጅ ጽሑፎች «ካሚሎስ» ይላሉ፤ የአርመንና የጆርጂያ ጥንታዊ ትርጉሞችም ወደ ገመድ ሄደዋል። ከ412 እስከ 444 በእስክንድርያ መንበር የተቀመጠው ቅዱስ ቄርሎስ ራሱ በዚህ ቦታ እንስሳው ሳይሆን መርከበኞች «ግመል» የሚሉት ወፍራም ገመድ ነው ብሎ አስተምሯል። ስለዚህ ገመድ ያለ ሁሉ ተሳስቶ ያሳተ አይደለም።

ታዲያ ለምን ግመልን እንመርጣለን? በመጀመሪያ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉት ታላላቆቹ ቅጂዎች፣ የሲና ቅጂና የቫቲካን ቅጂ የሚባሉት፣ «ካሜሎስ» ይላሉ፤ የእኛም ግእዝ «ገመል» ይላል። ሁለተኛ፣ ጸሐፊ እጁ የሚስተው አስደንጋጩን ወደሚመች ቃል ሲለውጥ ነው። መርፌና ገመድ በዓይነት ስለሚቀራረቡ ግመልን ወደ ገመድ መለወጥ የሚያጓጓ ነው፤ ገመድን ወደ ግመል የሚለውጥበት ምክንያት ግን የለውም። ሦስተኛ፣ ጌታችን በዚሁ ወንጌል (23፥24) ትንኝን እያጠሩ ግመልን ስለሚውጡ ሰዎች ተናግሯል፤ ግመል በምድረ እስራኤል ሰው በየቀኑ የሚያየው ትልቁ እንስሳ ነበርና ለማጋነን የሚነሳው እርሱ ነው። ዝሆን በሚታወቅበት በባቢሎን የነበሩ የአይሁድ መምህራን ለዚሁ ዓይነት አባባል «ዝሆን በመርፌ ቀዳዳ» ማለታቸው በጽሑፎቻቸው ተመዝግቧል። ከሁሉ በላይ ግን ገመድም ቢሆን ነገሩን አያቀልለውም፤ የመርከብ ገመድ በልብስ መርፌ ቀዳዳ አይገባም። ቄርሎስ የማይቻለውን የማይቻል አድርጎ ትቶታል፤ በሩ ግን አቅልሎታል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አትመዝኗቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። በአማርኛ «ግመል» እና «ገመድ» ስለሚመሳሰሉ ስሕተቱ የእኛ ተርጓሚዎች የሚመስላቸው አሉ። መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ ክርክሩ የተነሳው በግሪክ ነው። ከመካከላችሁ አፋን ኦሮሞ የሚያነብ ካለ ይህን ወዲያው ያየዋል፤ በዚያ ቋንቋ የሁለቱ ስም በፍጹም አይገናኝም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ከታተመ ወዲህ ይህ ሀብት በእጃችን አለ፤ ጅማ ላይ ተቀምጦ በአማርኛ ብቻ ማጥናት ግማሽ እጅን አስሮ መሥራት ነው።

ከሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ጋር የምትኖሩባት ከተማ ናትና ይህንም እወቁ፦ ይኸው አባባል በቁርኣን በሰባተኛው ምዕራፍ ቁጥር 40 ላይ ይገኛል። በትዕቢት ምልክቶቹን ያስተባበሉ ሰዎች ግመል በመርፌ ቀዳዳ እስኪያልፍ ድረስ ገነት አይገቡም ይላል፤ በፍጹም አይገቡም ለማለት ነው። የሚገርመው በዚያም ስለ ገመድ የሚናገር ንባብ ከቀደምቱ የቁርኣን ተርጓሚ ከኢብን አባስ ተላልፎ በተርጓሚዎቻቸው ዘንድ ይጠቀሳል፤ በዐረብኛ ግመልና ወፍራም ገመድ ተናባቢ ፊደሎቻቸው አንድ ናቸውና። የሚናገርላቸው ሰዎች ሌሎች ናቸው፤ አባባሉ ግን «የማይሆን ነገር» ማለት እንደነበረ ይህ ምስክር ነው። ጎረቤት ቢጠይቃችሁ በአክብሮት የምታወሩበት መልካም ርእስ ነው።

አሁን ወደ አስታራቂው ወንድማችሁ። «አንድም» የሚለው ቃል ለማንኛውም ሐሳብ በር የሚከፍት ፈቃድ አይደለም። በትርጓሜ ቤት መምህሩ አስቀድሞ ንባቡን ያሰማል፤ ቃሉ በግእዝ ምን እንደሆነ ይጸናል። ከዚያ ነጠላ ትርጉሙን ይፈታል፤ ታሪኩን በሐተታ ያመጣል፤ ምሥጢሩን ያወጣል፤ «አንድም» እያለ የሚደረድረውም በዚያ በጸናው ንባብ ላይ ቆሞ ነው። ስለዚህ «ግመል ያለው ሸክም የበዛበት ልብ ነው፣ አንድም…» ቢል ንባቡን አልነካም፤ ግመሉ ግመል እንደሆነ ነው። «መርፌ ቀዳዳ የበር ስም ነው» የሚለው ግን ምሥጢር ሳይሆን የታሪክ ወሬ ነው፤ የታሪክ ወሬ ደግሞ እውነት ወይም ሐሰት ይሆናል፤ አንድም አይሆንም። ይህን ልዩነት ከያዛችሁ ብዙ ክርክር ይቀርላችኋል።

አጠናኑን በተመለከተ፣ ለዚህ ክፍል የምመክርሽ ይህ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ወስደሽ ሦስት ዓምድ አስምሪ፤ ማቴዎስ 19፥16–30፣ ማርቆስ 10፥17–31፣ ሉቃስ 18፥18–30ን ጎን ለጎን በእጃችሁ ገልብጡ። አሥራ አምስት ከሆናችሁ አምስት አምስት ሆናችሁ አንድ አንድ ወንጌል ያዙ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። መገልበጡን በፎቶ ኮፒ አትተኩት፤ ዓይን የሚዘለውን እጅ አይዘለውም። ከዚያ በሦስቱም ያለውን በአረንጓዴ፣ በሁለቱ ያለውን በሰማያዊ፣ በአንዱ ብቻ ያለውን በቀይ አስምሩ። ጥናቱ ያለው ቀዩ ላይ ነው። የዘላለምን ሕይወት ፈልጎ ወደ ጌታ የመጣውን ባለጠጋ ሰውዬ «ጎበዝ» የሚለው ማቴዎስ ብቻ ነው፤ «አለቃ» የሚለው ሉቃስ ብቻ ነው፤ ሮጦ መጥቶ እንደተንበረከከ የሚነግረን ማርቆስ ብቻ ነው። ጌታ ተመልክቶ «ወደደው» የሚለውም በማርቆስ ብቻ ይገኛል (10፥21)። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለውን ትእዛዝ የጨመረው ማቴዎስ ነው (19፥19)። ሰባኪዎች «ባለጠጋው ወጣት አለቃ» የሚሉት ሦስቱን ቀላቅለው የሠሩት ሰው ነው፤ እንዲህ ማለት ኃጢአት አይደለም፣ ግን እያንዳንዱ ወንጌላዊ በእርሱ ሊያሳይ የፈለገውን ይሸፍናል።

ቀጥሎ ከክፍሉ በፊትና በኋላ ያለውን አንብቡ። በሦስቱም ወንጌላት ከዚህ ታሪክ በፊት ያለው ሕፃናትን ወደ ጌታ ያመጡበት ነው፤ ባዶ እጁን የሚመጣ ሕፃን ገባ፣ እጁ የሞላ ሰው አዝኖ ሄደ። በኋላ ያለው ግን ይለያያል፦ ማቴዎስ ወደ ወይኑ አትክልት ሠራተኞችና ወደ ቀን ደመወዛቸው ይሄዳል (20፥1–16)፤ ሉቃስ ጥቂት ቆይቶ ዘኬዎስን ያመጣል (19፥1–10)። የምዕራፍ ቁጥር ለመፈለጊያ የተጨመረ ነውና እዚያ ላይ አትቁሙ።

በዚህ ደረጃ ላይ ጥናት የሚበላሽባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ «ለእኔ ምን ይላል?» ብሎ መጀመር ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም የራሱን ስሜት ያወራል፣ ጥቅሱም ማስጌጫ ይሆናል። ያን ጥያቄ ለመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች አቆዪው። ሁለተኛው «በግሪኩ እንዲህ ነው» የሚል ያልተጨበጠ ወሬ ነው። የሚናገረውን ሰው «የትኛው ቃል? በየትኛው ወንጌል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ቃሉን ካላቀረበ ወሬውን መዝገብ ላይ አስቀምጡትና እለፉ። ትርጉሞችን ማስተያየትም ይረዳል፤ የ1954ቱን፣ አዲሱን መደበኛ ትርጉምና አፋን ኦሮሞውን ያዙ። በሚስማሙበት አትዘግዩ፤ በሚለያዩበት ቁሙ። ለምሳሌ ማርቆስ 10፥24 ላይ «በገንዘብ ለሚታመኑ» የሚለው ሐረግ በጥንታውያኑ በሲናና በቫቲካን ቅጂዎች የለም፤ በዚያ «ወደ እግዚአብሔር መንግሥት መግባት እንዴት ጭንቅ ነው» ብቻ ይላል። ይህ ደግሞ ቃሉን ለሁሉም ሰው ያከብደዋል፤ «እኔ ገንዘብ አለኝ እንጂ አልታመንበትም» ብለን በቀላሉ እንዳናመልጥ።

አሁን ወደ ቡና ነጋዴው ወንድማችሁ። «አይዞህ፣ አንተን አይደለም» አትበሉት፤ «አዎ፣ ካልሸጥህ አትድንም»ም አትበሉት። የመጀመሪያው ውሸት ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር 26ን ይሰርዛል። እውነቱን እንደተጻፈው ንገሩት፦ መዳን በሰው አቅም አይቻልም፣ ለባለጠጋም ለድሃም። ባለጠጋ የተጠቀሰው ደቀ መዛሙርቱ ሀብት የእግዚአብሔር በረከት ምልክት ነው ብለው ያስቡ ስለነበር ነው፤ ዘዳግም 28 ላይ የታዘዘ ሰው በጎተራውና በመንጋው እንደሚባረክ ያነበቡ ናቸው። የተባረከው ካልዳነ ማን ይድናል ብለው ደነገጡ።

ከዚያ የተለያዩትን ባለጠጎች አንድ ላይ አሳዩት። አዝኖ ለሄደው ሰው «ያለህን ሁሉ ሽጥ» ተባለ (ሉቃ. 18፥22)። ዘኬዎስ ማንም ሳያዘው ግማሹን ሰጠ፤ በሐሰት የወሰደውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ፤ ጌታም «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» አለ። የአርማትያሱ ዮሴፍ ባለጠጋም ደቀ መዝሙርም እንደነበረ ማቴዎስ 27፥57 ይናገራል። ጌታንና ደቀ መዛሙርቱን ከገንዘባቸው ያገለገሉ ሴቶችም ነበሩ (ሉቃ. 8፥3)። ስለዚህ መጠኑ ለሁሉም አንድ አይደለም። በግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱም መንገድ ታይቷል፤ አባ እንጦንስ «ሂድና ያለህን ሽጥ» የሚለው ሲነበብ ሰምቶ ከወላጆቹ የወረሰውን 300 አሩራ (የግብፅ የመሬት ልክ) የእርሻ መሬት ትቶ ወደ በረሃ ወጣ፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ ደግሞ መጣል ያለበት የገንዘብ ፍቅር ነው፣ ገንዘቡማ ባይኖር የተራበውን በምን እናበላለን ብሎ አስተማረ። የቀሌምንጦስን ብቻ የያዘ ሰው በቀላሉ ይተኛል፤ ስለዚህ እንጦንስን አጠገቡ አስቀምጡለት።

በተለይ ለነጋዴ የምጠቁመው ግን አንዲት ቃል ናት፤ በቀይ የምታሰምሩባት። ጌታ ትእዛዛቱን ሲዘረዝር ማርቆስ ብቻ «አታታልል» የሚል ጨምሯል (10፥19)። ይህ በዐሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ በዚህ ቃል የለም። የግሪኩ ቃል የሰውን ድርሻ ማስቀረት፣ የሚገባውን መከልከል ማለት ነው፤ መጽሐፈ ሲራክ 4፥1 የድሃውን መተዳደሪያ አታስቀርበት ሲል በግሪኩ ያለው ይኸው ቃል ነው። ያዕቆብም (5፥4) ስለ አጫጆች የተቀማ ደመወዝ ሲናገር ይህንኑ ነገር ይዞ ነው። ማርቆስ ሀብቱ ከየት እንደመጣ እንድንጠይቅ አድርጎናል። ጅማ ላይ ይህ ጥያቄ ግልጽ ቦታ አለው፦ እሸት ቡና ሲረከብ ሚዛኑ፣ በፈረሱላ ላይ «ለእርጥበት» ተብሎ የሚቀነሰው፣ ለቃሚዎች በዕለቱ ሊከፈላቸው ሲገባ ወደ ሌላ ሳምንት የሚገፋው፣ ገበሬው የዕለቱን ዋጋ ሳያውቅ የሚያዝበት ውል። ወንድማችሁን ጠርጥራችሁ አትጠይቁት፤ ቃሉን አንብባችሁ ራሱ ይመልከት። ስለ መስጠት ከማውራት በፊት ይህ ይቅደም፤ ዘኬዎስም ከምጽዋቱ ጋር መመለሱን አያይዞ ተናግሯልና። 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥17–19ንም አንብቡለት፤ ባለጠጎች በሀብት እንዳይታመኑ፣ ሊያካፍሉም የተዘጋጁ እንዲሆኑ እዘዛቸው ይላል፤ ከማኅበሩ ያወጣቸው አይደለም።

ጥናቱን በሁለት ዓርብ ክፈሉት። በመጀመሪያው ዓምዶቹን ሠርታችሁ፣ በሩንና ገመዱን በሚቀጥለው ቁጥር ፈትናችሁ ጨርሱ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በሁለተኛው ማርቆስ 10፥19ን ከሲራክ 4፥1–10 ጋር፣ ከዚያ ማቴዎስ 20፥1–16ን አንብቡ። የወይኑ ባለቤት ለመጨረሻዎቹም ሳይቀር ደመወዛቸውን ሲመሽ፣ በዕለቱ ከፈለ። የቡናው ለቀማ ከጥቅምት ጀምሮ ስለሚደርስ ሁለተኛውን ዓርብ ከዚያ አስቀድማችሁ ብታደርጉት መልካም ነው፤ ንባቡንም ወንድማችሁ ራሱ ቢያነብላችሁ።